የራሴን ለቅሶ ደረስኩ

የራሴን ለቅሶ የደረስኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ደባርቅ ላይ ያልሰማ የለም፤ ሁሉም በየአፉ እያጣፈጠ አውርቶታል። ሲያወሩት ግን ሳቁን ይነግሩና ዋናውን ነገር ይዘሉታል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ስለዚህ የነገሩ ባለቤት ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የሺ እባላለሁ። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከጎንደር የሚመጣው ሾፌር፣ የቢሮው ሠራተኛ፣ ተራራ ሊያይ የመጣው እንግዳ ሁሉ ይበላበታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ያየኝ ሰው ዛሬ ቢያየኝ አያውቀኝም። ሰፊ ሴት ነበርኩ። ቆሜ መዋል ስለማልችል ወጥ የማማስለው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንኳ ባጃጅ እጠራለሁ። ጠዋት ስነሣ ጉልበቴ እምቢ ይለኛል።

በእኛ ከተማ ታዲያ ይህ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። እንዲያውም ክብር ነው። እኔ "ሙሉ ሴት" እባላለሁ፣ ባለቤቴ ሲሳይ ደግሞ ሚስቱን አብልቶ የሚያሳድር ተብሎ ይመሰገንብኛል። የምግብ ቤት ባለቤት ስትወፍር ለቤቱም ማስታወቂያ ነው።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበር። እናቴ የስኳር በሽታ ነበረባት። ጎንደር ወስደናት እግሯ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። አልጋው ላይ፣ ከነጠላው ሥር አጥሮ የቀረው እግሯ ከዓይኔ አይጠፋም። ለእኔም ስኳር አለብሽ ሲሉኝ መጀመሪያ የተመለከትኩት እግሬን ነው።

ሌላም ነገር አለ። አባቴ የሚኖረው ጃናሞራ ነው። ቤቱ መኪና አይደርስበትም። ከመኪናው ተወርዶ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት መውጣት ነው። ድሮ እሱ እየወረደ መንገድ ዳር ያገኘኝ ነበር። እሱ አረጀ፣ እኔ ወፈርኩ። አንድ ጊዜ እንደ ምንም ልሞክረው ብዬ ዳገቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና መነሣት አቃተኝ፤ ሰዎች በበቅሎ መለሱኝ። እሱ መውረድ ተሳነው፣ እኔ መውጣት ተሳነኝ፣ አባትና ልጅ ሳንተያይ ዓመታት አለፉ። ስልክ እንኳ እዚያ አይይዝም።

ጎንደር ለምትከታተለኝ ሐኪም ይህን ሁሉ ነገርኳት። መረመረችኝ፣ ደሜን አየች፣ ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መርፌ አዘዘችልኝ። ለስኳሩም ለውፍረቱም ነው። ዕቃው እስክሪብቶ ይመስላል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ራሴው ሆዴ ላይ እወጋዋለሁ፤ ሕመሙ ከትንኝ ንክሻ አይብስም። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በሐኪሜ ወረቀት ከመድኃኒት ቤት እየገዛች በበረዶ ትልክልኛለች። ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጎን አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ማቅለሽለሹ አንገላታኝ። እየቆየ ተወኝ። የሚገርመው የምግቡ ነገር ነው። ዕድሜ ልኬን ከምግብ ጋር ስሟገት የኖርኩ ሴት፣ ሙግቱ ድንገት ቆመ። ትንሽ ስቀምስ ይበቃኛል። ቀሚሴ ሰፋኝ። ቀለበቴ እየወለቀ ቢያስቸግረኝ በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። አንድ ቀን ማታ ምግብ ቤቱን ስዘጋ በርጩማዬ ከግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ መዋሉን አየሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ነበር። ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

እኔ ደስ ሲለኝ ደባርቅ አዘነች። "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" የማይለኝ ሰው ጠፋ። አንዱ ሲሳይ በድሏት ነው ይላል። አንዷ ቡዳ በልቷት ነው፣ ጠበል ይውሰዷት ትላለች። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን በሽታ ይጠራል። ምሳ እኔ ቤት የሚበላ ደንበኛዬ "ራሷ የማትበላውን ለእኛ ታቀርባለች" ብሎ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ተዛወረ። እኔም አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ።

ከሁሉ የባሰችው ጎረቤቴ ትርንጎ ናት። ከልጅነታችን አብረን ያደግን፣ አንድ ማኅበር የምንጠጣ፣ አንድ ዕድር የምንከፍል ነን። እሷም እንደ ድሮዬ ሰፊ ናት። ጾሙ ሲገባ በሰው ፊት ያዘችኝ።

"አንቺ ደግሞ ጾምኩ ትያለሽ? ረሃብሽን በመርፌ ገድለሽ! ጾም ማለት እየራበሽ መተው ነው።"

"ንስሐ አባቴ የሐኪሟን ቃል ስሚ ብለውኛል" አልኳት። "አንቺን ታግሼ መኖሬ ራሱ ጾም ነው።"

ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ በእውነት ፈርታልኝ ነበር። እሞታለሁ ብላ ታስብ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያን ሰሞን ለክትትል ጎንደር ወርጄ ነበር። ሐኪሟ ውጤቴን አይታ ደስ አላት፣ እኔም ክንፍ አወጣሁ። እዚያው አድሬ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የስኳር ክኒኔን ውጫለሁ፤ ቁርስ ግን አፌ አልገባም። ሰው ቁርሱን የሚያስታውሰው ሲርበው ነው፣ እኔን ደግሞ የሚያስታውሰኝ ረሃብ አልነበረም። ዳባት ደርሰን ሰው ለማውረድ ስንቆም ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ነፋስ ላግኝ ብዬ ወረድኩ። መሬቱ ዞረብኝ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም።

ሾፌሩ ደጉ ደንበኛዬ ነው። በባጃጅ አድርጎ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ስወድቅ ስልኬ ተሰብሯል። ደጉ ቤቴ መንገር እንዳለበት አሰበ፤ ሲያስብ ደግሞ እንደ አስተዳደጉ ነው ያሰበው። ባሏን በቀጥታ ባስደነግጠው ነውር ነው ብሎ ለዕድራችን ዳኛ፣ ለአያ ታከለ ደወለ።

"አያ ታከለ፣ እትዬ የሺን ትንሽ አሟቸው ዳባት ጤና ጣቢያ ነን። ጋሽ ሲሳይ እንዳይደነግጡ፣ እርስዎ ሰው ይዘው ቀስ ብለው ይንገሩልኝ" አላቸው። ኔትወርኩ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

አገራችንን የሚያውቅ ሰው አያ ታከለ ምን እንደገባቸው አሁኑኑ ገብቶታል። እኛ ጋ ሰው ሲሞት፣ ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። አስቀድሞ የሚነገረው ለሽማግሌ ነው። ለቤተ ሰቡ ትንሽ አሟታል ይባላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ መርዶው በኋላ ይመጣል። ደጉ ያየውን እውነት ነው የተናገረው፤ የተናገረው ግን ሞት በሚነገርበት ደንብ ነው። አያ ታከለ ደግሞ በዕድሜያቸው ለስንቱ ቤት መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው። መልሰው ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም። የእኔም ክሳት አለ። ከተማው ለወራት ሲጠብቀው የከረመ ሞት ስለሆነ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ሬሳዬን ደጉ ይዞ ይመጣል ብለው ይጠብቁ ጀመር።

እኔ በዚህ ጊዜ ዳባት ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ግሉኮስ ተተክሎልኝ ነበር። ስነቃ ሲስተሯ "ስኳርሽ ወርዶ ነው እናቴ፣ ክኒን ውጠሽ ሳትበዪ" አለችኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ በእሷ ስልክ ሐኪሜን አገናኘችኝ። ሐኪሟ መርፌው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ የድሮው ክኒን በዝቶብሽ ነው አለች። ክኒኑን አስቆመችኝ፣ መርፌውን ቀጥዪ አለች። ቀጥላም የተናገረችው ከጆሮዬ አይወጣም። "ከእንግዲህ የምትበዪው ሲርብሽ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው።"

ደጉ ደግሞ አያ ታከለ ዘንድ ደጋግሞ ደወለ፣ አያነሡም። ድንኳን እያስተከሉ እንደነበር በምን ይወቅ? እንግዲህ አብረን እንደርሳለን ብሎ ተወው።

ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ገባን። ምግብ ቤቴ ተዘግቷል። ሲሳይን በልቤ እየተሳደብኩ ከደጉ ጋር ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ሾፌር ለከተማው አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሲደርስ አቆመ።

"ከዚህ በላይ አልገባም እናቴ። ለቅሶ አለ፣ መንገዱ ተዘግቷል።"

"የማን ለቅሶ ነው?"

"አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው አሉ። በመርፌ ምክንያት።"

ደጉን ዘወር ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

በእግሬ ሄድኩ። ደጄ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ጠረጴዛ ላይ ፎቶዬ ተቀምጧል፤ ልጄን ስድር የተነሣሁት፣ ከዕድሜዬ ሁሉ የወፈርኩበት ጊዜ። ሴቶቹ ከበው ያለቅሳሉ፣ ትርንጎ መካከል ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች።

"በበሩ አልፋ የማትገባ ሴት፣
በመርፌ ቀዳዳ አወጧት ከቤት።"

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነው።

"በበሩስ እገባ ነበር፤ በጎኔ ቢሆንም" አልኩ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜ።

አንዷ ጮኸች፣ አንዷ አማተበች፣ ወንበር ተገለበጠ፣ ከኋላ የነበሩት ድንኳኑን ቀደው ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። ትርንጎ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሲሳይ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሄጄ ፊቱ ተንበረከክኩ። ተንበረከክኩ! ድሮ ብንበረከክ ማን ያነሣኝ ነበር? ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው።

"አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ።"

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም ያወራዋል፤ መተቃቀፉን፣ ትርንጎ "ገደልሽኝ፣ ገደልሽኝ!" እያለች ጀርባዬን መደብደቧን፣ ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለምስጋና መበላቱን። የሚዘሉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ልቅሶው ሲያባራ ደጉ የሆነውን ሁሉ አስረዳ፤ የሐኪሟንም ቃል ተናገረ። ማንም አልሰማውም። አያ ታከለ ተነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው ገና እንባ አለው።

"የሺ፣ ዛሬ እግዜር መልሶልናል። ዳግመኛ ይህን ድንኳን ላንቺ አንተክልም። ያን መርፌ አምጪና እዚሁ ሕዝብ ፊት ይሰበር። ሁለተኛ አልነካም ብለሽ ማይልን።"

"ትማል! ትማል!" አለ ሕዝቡ።

ወደ ሲሳይ ዞርኩ። መርፌውን ስወጋ እሱ አንድም ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። "ስለ እኔ ብለሽ የሺ" አለኝ። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ያ ከበደኝ። የሚወደኝ መቶ ሰው ነው የከበበኝ፤ ሁሉም በፍቅር ወደዚያ በርጩማ፣ ወደ እናቴ አልጋ ሊመልሰኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኝም ነበር፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "ለአባዬ ማን ነገረው?" አልኩ።

አያ ታከለ አንገታቸውን ደፉ። የሲሳይ ወንድም ልጅ አበራ እኩለ ቀን ላይ በአይሱዙ ሄዷል። መንገድ ዳር አድሮ ማለዳ ዳገቱን ወጥቶ ለአባቴ ትንሽ አሟታል፣ ይምጡ ይለዋል። ለእኔ ቀብር ማለት ነው።

"ችግር የለም" አሉ አያ ታከለ። "ነገ ሌላ ሰው እንልካለን፣ ደህና ናት ብሎ ይነግራቸዋል።"

"ያምናል?" አልኩ።

ወደ ሕዝቡ ዞርኩ።

"እስቲ እናንተ ብትሆኑስ? ጠዋት አንዱ መጥቶ ልጅዎን ትንሽ አሟታል ቢላችሁ፣ ከሰዓት ሌላው መጥቶ አይ ድናለች፣ ደህና ናት፣ አይዞዎት ቢላችሁ ታምናላችሁ?"

ሁሉም በዚሁ ቃል ሲዋሽ የኖረ ነው፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ሲዋሽ ሰምቷል። ለአባቴ ሊነገር የሚችል አንድም የሚታመን ቃል አልነበረም። አለች ተብሎ የሚታመነው ራሴ ፊቱ ስቆም ብቻ ነው።

"ነገ እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

"በየት እግርሽ?" አለች ትርንጎ። ስትናገር ማላገጧ አይደለም፤ ያን ጊዜ በበቅሎ ስመለስ ያየችኝ እሷ ናት።

"ይኸው መርፌ በሰጠኝ እግሬ" አልኳት። ከዚያ ወደ አያ ታከለ ዞርኩ። "ዕድሩ ይስማኝ። ዳገቱ ላይ ደክሜ ከተመለስኩ መርፌውን በገዛ እጄ ፊታችሁ እሰብራለሁ። አባቴ ደጃፍ በእግሬ ከደረስኩ ግን ስለ ሆዴም ስለ መርፌዬም ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝ።"

"ማን አይቶ ይመሰክራል?" አለ አንዱ።

"እኔ" አለች ትርንጎ።

ሲሳይ ከየአገሩ የሚመጣውን ለቀስተኛ ሊመልስ ቤት ቀረ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትርንጎና እኔ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍረን ወጣን። ትርንጎ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና ሁለት የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። የሐኪሟን ቃል ማንም አልሰማም ብዬ ነበር፤ ለካ እሷ ሰምታለች። መርፌውን እየረገመች "በይ፣ ሰዓትሽ ደርሷል፣ ብዪ" እያለች በየመንገዱ በእፍኟ ትሰጠኛለች። ጉሙ ወርዶ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። ተራራው አናት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ከመኪናው ወርደን ቁልቁለቱን ጀመርን። ጉልበቴን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ትንሽ ተንገዳገደና ተሸከመኝ። ወንዙ የበጋ ነው፣ ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገርነው። ከዚያ ዳገቱ።

ዳገቱ ላይ ልቤ በጆሮዬ ይመታ ነበር። ትንሽ እወጣለሁ፣ እቆማለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ቀለል ብሏት ወጣች ሲል ይናደኛል። ቀለል አላለኝም፤ መሬቱን እየቧጠጥኩ ነው የወጣሁት። ልዩነቱ ድሮ ብቧጥጥም አልወጣም ነበር።

ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ትርንጎ ቁጭ አለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

"እኔ በቃኝ" አለች።

"ማን ሊመሰክር ነው ታዲያ?"

"ከዚህ ትታዪኛለሽ። ሂጂ ወዲያ።" ከረጢቱን ወረወረችልኝ። ትንሽ ራቅ ስል "የሺ! ቀስ በይ እንጂ!" ስትል ሰማሁ፤ እያለቀሰች ነበር።

አባቴ ደጃፍ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። አበራ ማለዳ ደርሶ የታዘዘውን ተናግሯል። አባቴ ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው አሉ፤ "ቀበራችኋት?" ብሎ። አበራ "ኧረ ትንሽ ነው ያመማት" ቢል ከዚያ ወዲያ አላናገረውም፣ አላለቀሰምም። በር ላይ ካለው መደብ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አበራ ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ አፉን ከፍቶ ቀረ።

የአባቴ ዓይን ደክሟል። በአጥሩ በኩል አንዲት ቀጭን ሴት ስትገባ አየ። ለቀስተኛ መሰልኩት።

"ግቢ ልጄ" አለኝ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የአንቱ" አልኩት።

ድምፄን እንደሚፈልግ ሰው ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ጉልበቱን ስሜ እጁን ይዤ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ልጅ ሆኜ ወድቄ የቆሰልኩበትን አገጬን ዳሰሰ።

"የሺ?"

"አቤት አባዬ።"

"ሰውነትሽን ምን አደረግሽው?"

"ከእርስዎ የሚለየኝ እሱ ነበር። ጥዬው መጣሁ።"

ከኋላዬ በቅሎ የሚፈልግ ይመስል ወደ አጥሩ አየ። "በምን ወጣሽ?"

"በእግሬ።"

"ያን ዳገት?"

"ያን ዳገት። በእግሬ አባዬ።"

ሞቴን ሲሰማ ያላለቀሰው ሰው ያኔ አለቀሰ። ጎረቤቱም ተነሥቶ አለቀሰ። እዚያው አፈሩ ላይ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሰዓቴ ደርሶ ስለነበር ዳቦ ቆሎዬን አውጥቼ በላሁ። አባቴም ከእፍኜ ወስዶ ቆረጠመ።

ትርንጎ ለዕድሩ መሰከረች፤ ያየችውን አልደበቀችም። አያ ታከለም ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከተማው ግን ቃል አልገባልኝምና ማማቱን አልተወም። ዛሬም መንገድ ላይ "ምነው ተቀጨሽ?" የሚለኝ አለ። ድሮ እሸማቀቅ ነበር፤ አሁን ቆሜ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ሲሳይ እሑድ እሑድ መርፌውን ከፍሪጅ የሚያወጣልኝ እሱ ሆኗል። ስልኬ የምግብ ሰዓቴን ይጮህልኛል፣ ደንበኞቼም ሲጮህ "እትዬ የሺ ይብሉ!" ብለው ይጮሁብኛል። ሰርጓ ደርሶ ቀሚስ ጠበበኝ፣ ከመርፌሽ ስጪኝ ያለችኝን ልጅ ግን አባርሬያታለሁ። ለእኔ ሐኪም መርምራ ያዘዘችው መድኃኒት ነው፣ የውበት ቅባት አይደለም።

በለቅሶዬ ቀን ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ፎቶ አልጣልኩትም። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ትርንጎ በመጣች ቁጥር ሽቅብ እያየች "እቺ ነበረች ሴት ማለት!" ትላለች።

"አፈሩን ገለባ ያድርግላት" እላታለሁ። "ለቅሶዋን ደርሼላታለሁ። አሁን ተነሺ፣ አባዬ ጋ መሄጃችን ደርሷል፣ ዳቦ ቆሎውን ያዢልኝ።"